እትዬ ቀዳዳና የበጎቹ ደሴት

አክስቴን ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ ቀዳዳ» ይላታል። ስሙን ያወጣላት እሷ «ሹፌሩ» የምትለው የአውቶቡስ ነጂ ባሏ ነው ይባላል፤ እሱ ግን ደንበኞቿ ናቸው ብሎ ይክዳል። የሱቋን ደጃፍ የረገጠ ሰው ሁሉ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ «እትዬ፣ ቀዳዳ አለው» ብሎ ባልዲውን ወይም የአትክልት ማጠጫውን ስለሚያስረክባት፣ ቃሉ ከእሷ ጋር ተጣብቆ ቀረ። እሷም አልተቀየመችም። «ቀዳዳ ባይኖር እኔ ምን እበላ ነበር?» ትላለች።

አያቴ ቆርቆሮ ሠሪ ነበር። አራት ወንዶች ልጆች ወልዶ፣ ከአራቱ አንዱ እንኳ መዶሻውን ሊወርስለት አልፈለገም። አባቴ ከአራቱ አንዱ ነው፤ እስከ ዛሬ የቆርቆሮ ድምፅ ሲሰማ ራሱን ያመዋል። የመጨረሻዋ ልጅ፣ አክስቴ፣ በዘጠኝ ዓመቷ መቀሱን ከጠረጴዛው አንስታ ለወተት ጣሳ የሚሆን ክዳን ቆረጠች። አያቴ ክዳኑን አገላብጦ አየና «ጠማማ ነው» አላት። ቀኑን ሙሉ ስትቆርጥ ዋለች። አሥራ ሁለተኛውን ስታመጣለት ጣሳው ላይ ገጠመው፣ ዘቅዝቆ ነቀነቀው፣ አልወደቀም። «ይሄ ክዳን ነው» አለ። ሌላ ምርቃትም ምስክር ወረቀትም አላገኘችም፤ አልጠየቀችም።

ከእጇ የሚወጣ ዕቃ ሁሉ አንድ ፈተና አለበት። ውሃ ይሞላና ደረቅ ካኪ ወረቀት ላይ ይቀመጣል። ወረቀቱ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል እርጥበት ከታየች ዕቃው ተፈትቶ እንደገና ይበየዳል። ደንበኛ ቢቸኩልም ባይቸኩልም ያው ነው። አንድ ጊዜ አንድ ነጋዴ በመኪና መጥቶ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ «ምን ችግር አለው፣ ጠብታ ናት» ቢላት፣ «ጠብታዋ ያንተ ናት፤ ሥራው ግን የኔ ነው» ብላ ወንበር ሰጠችው። ሰውዬው ሞተሩን አጥፍቶ ተቀመጠ።

እኔ የወንድሟ ልጅ በአፈር ምርምር ተቋም የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ አፈር ውስጥ የሚኖሩትን ጥቃቅን ነፍሳት በማይክሮስኮፕ እያየሁ መለየትና መቁጠር ነው። አባቴ «አስተምሬ አስተምሬ ቅንቅን ቆጣሪ አደረግኩሽ» እያለ ይቀልድብኛል። አክስቴ ግን ሥራዬን በቁም ነገር ትጠይቀኝ ነበር፤ ስንት እግር አላቸው፣ ምን ይበላሉ፣ በምን ትይዣቸዋለሽ እያለች። የኋላ ኋላ ሁለታችንን አንድ ሥራ ላይ ያገናኘን ይኸው የመጨረሻው ጥያቄ ነው።

በጀልባ ከወደቡ የሦስት ሰዓት መንገድ የሚርቅ አንድ ደሴት አለ። ድሮ ሰዎች ይኖሩበት ነበር። የጉድጓዶቹ ውሃ ጨው እየሆነ ሲሄድ አንድ በአንድ ለቀው ወጡ፤ በጎቻቸውን ግን ጀልባ የሚችለውን ያህል ብቻ ጭነው የቀረውን ተዉት። የተተዉት በጎች አርባ ዓመት ያለ እረኛና ያለ ሸላች ተዋለዱ። በእኔ ጊዜ ከሁለት ሺህ በላይ ደርሰው ነበር። የደሴቷን ሣር እስከ ሥሩ ግጠው፣ ዝናብ በዘነበ ቁጥር አፈሩ እየታጠበ ባሕሩ እስከ ሩቅ ድረስ ቡናማ ይሆን ነበር።

አለቃዬ ዶክተሩ፣ አፈር ውስጥ ያለውን ሕይወት በማጥናት ፀጉራቸውን ያሸበቱ ሰው ናቸው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት የደሴቷን ሦስት ቦታዎች በጠንካራ ሽቦ አሳጥረው በግ እንዳይገባባቸው አድርገው ነበር። አሁን ጥያቄያቸው ግልጽ ነበር፤ በአጥሩ ውስጥ ያለው አፈርና ከአጥሩ ውጭ ያለው አፈር፣ የሚያኖሩት ነፍሳት ይለያያል? ልዩነት ካለ፣ የደሴቷን ዕጣ የሚወስነው ኮሚቴ በጎቹ ከደሴቷ ይውጡ ወይስ ይቆዩ የሚለውን በዚያ ይመዝናል።

ችግሩ ዕቃ ነበር። ነፍሳቱን ከአፈር ለማውጣት ነዳጅ ወደ ጠባብ አፍ የሚገለበጥበት ዓይነት፣ ላዩ ሰፊ ግርጌው ቀጭን የሆነ ሾጣጣ ቆርቆሮ ያስፈልጋል። አፈሩ ላዩ ላይ በተዘረጋ ወንፊት ይቀመጣል፤ ከበላዩ አምፖል ይበራል። አፈሩ ከላይ እየሞቀና እየደረቀ ሲመጣ ነፍሳቱ ሙቀቱን ሽሽት ወደ ታች ይወርዳሉ፤ በወንፊቱ አልፈው በሾጣጣው ግድግዳ ይንሸራተቱና አልኮል ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ይገባሉ። እንዲህ ያለ ዕቃ ሃያ አራት ከውጭ አገር ታዝዞ ጉምሩክ ውስጥ ተኝቶ ነበር። መቼ እንደሚነቃ የሚያውቅ የለም። ዶክተሩ ተስፋ ቆርጠው ሲቀመጡ፣ «ቆርቆሮ የምትሠራ አክስት አለችኝ» አልኳቸው።

አክስቴ የሾጣጣውን ሥዕል ዶክተሩ ካመጡት መጽሐፍ ላይ ረጅም ሰዓት አየችው።

«በዚህ ውስጥ ውሃ አይፈስም አላችሁ?»

«አይፈስም» አሏት ዶክተሩ። «ነፍሳት ናቸው የሚወርዱበት። አንዳንዶቹ ከመርፌ ጫፍ ያንሳሉ።»

«ውሃ እግር የለውም፤ የሄደበት ይሄዳል» አለች። «እነዚህ እግር አላቸው። ስንጥቅ ካገኙ ተደብቀው ይቀራሉ፣ ሸካራ ካገኙ ይንጠላጠላሉ። ከውሃ ይልቅ እነሱ ያስቸግራሉ።»

ዶክተሩ ፈገግ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ኩራት ኩራት አለኝ።

የመጀመሪያዎቹን አሥራ ሁለት ሾጣጣዎች በሁለት ሳምንት ሠራች። ውስጣቸው የሚለሰልሰው በሞረድ ነው፤ መለስለሱ የሚታወቀው ግን በስስ የሴት ካልሲ ነው። ካልሲውን እጇ ላይ ታጠልቅና የሾጣጣውን ውስጥ ዙሪያውን ትዳብሰዋለች። ክሩ አንድ ቦታ ከተያዘ፣ እዚያ ቦታ ላይ የነፍሳት እግርም ይያዛል ማለት ነው፤ እንደገና ትሞርደዋለች። ባሏ የካልሲውን ብዛት አይቶ «ሚስቴ በስተርጅና መዘነጥ አማራት ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር» አለኝ። ሁለተኛዎቹን አሥራ ሁለት ስትጀምር የመበየጃው ብረት ቀኝ እጇ ላይ ወደቀ። መዳፏ በሙሉ ተቃጠለ። ሐኪም ዘንድ ሄዳ ታሸገላትና በሦስተኛው ቀን ተመልሳ ተቀመጠች። «አረፍ በይ» ብላት «እጄ እንጂ ቀጠሮው አልተቃጠለም» አለች። የቀሩትን በታሸገ እጅ ጨረሰቻቸው።

ደሴቷ ላይ ያለን ጣቢያ ሁለት ክፍል ያለው የድንጋይ ቤት ነው፤ አንዱ መኝታ፣ አንዱ ላቦራቶሪ። በላቦራቶሪው ግራና ቀኝ ሁለት ረጃጅም መደርደሪያዎች አሉ። በቀኝ በኩል የመጀመሪያዎቹን፣ በግራ በኩል የሁለተኛዎቹን አሥራ ሁለት ሾጣጣዎች ሰቀልናቸው። እንዳይደባለቅብን ብለን የአጥሩን ውስጥ አፈር በቀኝ፣ የአጥሩን ውጭ አፈር በግራ አደረግን። ጀነሬተሩን አስነስተን አምፖሎቹን አብርተን አምስት ቀን ጠበቅን።

በስድስተኛው ቀን ጠርሙሶቹን አወረድኩ። የቀኞቹ የዓሣ ገበያ መሰሉ። በሕይወት ሳሉ ሲነኳቸው የሚፈናጠሩ ነጫጭ ነፍሳት፣ እንደ ዘይት ጠብታ የሚያብረቀርቁ ክብ ክብ ቅንቅን መሳዮች፣ መቶ እግሮች፣ ክር የሚያህሉ ትሎች። በአንዱ ጠርሙስ ብቻ ከአምስት መቶ በላይ ቆጠርኩ። የግራዎቹ ግን ባዶ ነበሩ ማለት ይቀላል፤ በአንዱ ሦስት፣ በአንዱ አንድ፣ በሁለቱ ምንም።

ዶክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

«ልዩነት እጠብቅ ነበር» አሉ። «ይሄን ያህል ግን አይሆንም። አፈር ሙሉ ለሙሉ አይሞትም። ዕቃው ላይ አንድ ነገር አለ።»

ከዚያ ቀስ ብለው ጠየቁኝ፤ «የግራዎቹ ከቀኞቹ በምን ይለያሉ?»

ዝም ማለት እችል ነበር። ግን ጥያቄው የሥራ ጥያቄ ነው፤ «ሁለተኛዎቹን ስትሠራ እጇ ተቃጥሎ ነበር» አልኩ። ከአፍ የወጣ ከአፋፍ የወደቀ ነው፤ ያንን ቃል መልሼ ላነሳው አልቻልኩም። ዶክተሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። በማስታወሻቸው ላይ የጻፉትን ሳልፈልግ አነበብኩት፤ «እዚሁ በተሠራው መሣሪያ ጥራት ምክንያት ውጤቱ አያስተማምንም።» ኮሚቴው ደሴቷን ሊያይ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

አልኮልና ጠርሙስ ላመጣ ወደ ከተማ ስመለስ በሌላ መንገድ አልፌ ልሄድ አስቤ ነበር። እግሬ ግን ሱቋ አደረሰኝ። ፊቴን አይታ መዶሻውን አስቀመጠች።

«ተናገሪ።»

ነገርኳት። ስለ እጇ የተናገርኩትን ግን ዋጥኩት።

«ባዶ የወጡት ስንት ናቸው?»

«አሥራ ሁለት።»

«የሁለተኛዎቹ በሙሉ?»

«በሙሉ።»

አንድ ጣቷን አነሳች። «አንድ ቢሆን የኔ ነው እል ነበር። ሦስት ቢሆን እጠራጠር ነበር። አሥራ ሁለት በተርታ ከተሳሳትኩ ግን ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ አባቴን ሳታልል ኖሬያለሁ ማለት ነው። ጀልባው መቼ ነው የሚነሳው?»

አክስቴ በሃምሳ ስምንት ዓመቷ ባሕርን ያየችው ከዳር ሆና ብቻ ነበር። ባሏ ወደብ ድረስ ሸኘን። «ጀልባው ቀዳዳ ካለው ካፒቴኑን እንዳትጠብቁ፤ እሷ ቀድማ ታውቃለች» አለኝና ቦርሳዋን አቀበላት። ቦርሳው ውስጥ የነበረው አንድ ቅያሪ ልብስ፣ አንድ ትንሽ መዶሻ፣ የመበየጃ ዕቃዋና አንድ ጥቅል ካኪ ወረቀት ነው። መሐል ባሕር ላይ ስንደርስ አስታወካት። አፏን በመሐረብ ጠርጋ ቀጥ ብላ ተቀመጠችና «ይሄን ለሹፌሩ እንዳትነግሪው፤ ለአውቶቡስ ተሳፋሪ ሁሉ ያወራዋል» አለችኝ።

በጎቹን ስታይ ቆመች። ሠላሳ የሚሆኑ በጎች ከኮረብታው ጫፍ ላይ ሆነው ያዩን ነበር። ተሸልቶ የማያውቅ ፀጉራቸው ተቋጥሮ ተንጠልጥሎ መሬት ይጠርጋል። አንዱ ወደ ፊት ወጥቶ በፊት እግሩ መሬቱን ደጋግሞ መታ።

«ዝም ያለ ሰው 'በግ ነው' ይባላል» አለች። «የሚሉት እነዚህን ስላላዩ ነው።»

ዶክተሩ በር ላይ ተቀበሏት። የመጣችበትን ስለሚያውቁ እንግዳነቷ አሳፍሯቸዋል።

«እትዬ፣ እርስዎን ለመውቀስ አይደለም…»

«ይውቀሱኝ እንጂ» አለች። «ጥፋቴ ከሆነ ሌላ ማን ይወቀስልኝ? መጀመሪያ ግን ልየው።»

ሃያ አራቱንም ሾጣጣዎች ከመደርደሪያው አወረድናቸው። ግርጌያቸውን በሰም ደፈነች፣ መልሳ ሰቅላ ውሃ ሞላቻቸው፣ ከእያንዳንዱ ሥር ካኪ ወረቀት አነጠፈች። ከዚያ ወንበር ስባ ከፊታቸው ተቀመጠች። ፈተና እንደምትፈትን መምህር ነበር የምትመስለው። ምሳ ብናቀርብላትም ከወንበሩ አልተነሳችም። ከሰዓት በኋላ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አነሳች። የግራዎቹ አሥራ ሁለት ወረቀቶች ደረቅ ነበሩ። ከቀኞቹ አንዱ፣ ሰባት ቁጥር የተጻፈበት፣ ጥፍር የምታህል እርጥበት ነበረው።

ወረቀቱን ለዶክተሩ ሰጠቻቸው። «ይሄኛው ያንጠባጥባል። የኔ ጥፋት ነው፤ አሁኑኑ አስተካክለዋለሁ። ግን ልብ ይበሉ፣ ይሄ ጥሩ ውጤት ከሰጧችሁ ወገን ነው።»

ዶክተሩ ወረቀቱን በብርሃን አቅጣጫ አዩት። «ውሃ አለማንጠባጠቡ ነፍሳት ማውረዱን አያረጋግጥም» አሉ፤ በክፋት አይደለም፣ በእውነት ነው።

«ልክ ብለዋል» አለች አክስቴ። «ስለዚህ ይቀያየር። ፋኖስ አልበራ ያለው ሰው ወደ እኔ ሲመጣ፣ ጥፋቱ የጋዙ ይሁን የፋኖሱ የማውቀው የሱን ጋዝ በሌላ ፋኖስ፣ የኔን ጋዝ በሱ ፋኖስ አድርጌ ነው። የአጥሩን ውስጥ አፈር በግራዎቹ፣ የአጥሩን ውጭ አፈር በቀኞቹ አድርጉት። ጥፋቱ የቆርቆሮዬ ከሆነ ባዶው በግራ ይቀራል። የአፈሩ ከሆነ ባዶው ወደ ቀኝ ይሻገራል።»

ዶክተሩ ቀስ ብለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። «ይሄን እኮ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የማስተምረው እኔ ነኝ» አሉ። «ሁለቱን አፈር በሁለቱም መደርደሪያ ማደባለቅ ነበረብኝ። እንዳይምታታብኝ ብዬ ሥርዓት ሳስይዝ፣ ራሴን አምታታሁ።»

አዲስ አፈር ለማምጣት አክስቴ አብራን ወጣች። አፈሩ የሚወሰደው መሬት ላይ በመዶሻ በሚመታ የብረት ቀለበት ነው። ከአጥሩ ውጭ ቀለበቱን ስመታው አልገባ ብሎ ጠርዙ ተጣመመ። ከእጄ ወስዳ ድንጋይ ላይ አቃናችውና ከመመለሷ በፊት መሬቱን በትንሿ መዶሻዋ ቆረቆረችው። ድምፁ የደረቀ፣ አጭር ነው። ሽቦውን ተሻግራ ገባችና የውስጡን እንዲሁ ቆረቆረች። መዶሻው ቅጠልና የወደቀ ሣር ውስጥ ሰመጠ፤ ድምፅ አልሰጠም።

«በጎቹ መሬቱን በምንድን ነው እንዲህ የሚያደርጉት?» ብላ ጠየቀች። «መብላታቸውስ እሺ።»

ዶክተሩ ተንበርክከው አንድ ጓል አንስተው ሰበሩላት። «መብላታቸው አንድ ነው። ሣሩ ከተበላ የሚወድቅ ቅጠል የለም፤ የሚወድቅ ከሌለ እታች ያሉት የሚበሉት የለም። ሰኮናቸው ደግሞ ሌላ ነው። ጤነኛ አፈር ግማሹ ቀዳዳ ነው፤ ነፍሳቱ የሚኖሩበት፣ አየርና ውሃ የሚያልፍበት። ሁለት ሺህ በግ አርባ ዓመት ሲረግጠው ቀዳዳው ይደፈናል። ዝናቡ መግቢያ ያጣና ላይ ላዩን ይዞት ይሄዳል።»

አክስቴ ጓሉን ተቀብላ አየችው። «ዕድሜ ልኬን ቀዳዳ ስደፍን ኖሬ፣ ቀዳዳ የሚያስፈልገው ነገር አላጋጠመኝም ነበር» አለች። በጣም አሳቃት፤ የመጣንበትን መንገድ ግማሹን እየሳቀች ሄደች።

አምስቱን ቀን እጇን አጣጥፋ አልጠበቀችም። ሰባት ቁጥርን ፈትታ በየደች። የጣቢያው አሸንዳ ለሁለት ዓመት የዝናብ ውሃ እያፈሰሰ ነበር፤ ጣሪያ ላይ ወጥታ ጠገነችው። የውሃ ታንከሩን ክዳን ቀየረች። ዶክተሩ ሻይ ይዘውላት መሰላሉ ሥር ሲቆሙ አየሁ። አንድ ቀን ማይክሮስኮፑ ላይ አስቀመጥኳትና ከቀድሞው ጠርሙስ ነፍሳት አንዷን አሳየኋት። ዓይኗን ከመነጽሩ ሳታነሳ «እግሯን ስንት አልሽኝ?» አለች።

«ስምንት።»

«በስምንት እግር የኔን ቆርቆሮ ወርዳ አልተያዘችም ማለት ነው» አለችና እንደገና አየቻት።

በዚያን ጊዜ ሆዴ አልቻለም። ስለ እጇ ለዶክተሩ የተናገርኩትን ነገርኳት። ከማይክሮስኮፑ ቀና አለች። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር።

«ውሸት ነው እንዴ የተናገርሽው? እጄ ተቃጥሎ አልነበር?» አለች። ከዚያ የቀኝ መዳፏን ዘርግታ ጠባሳውን አሳየችኝ። «የተቃጠለ እጅ ያማል፤ የሚያም እጅ ቀስ ይላል። የሚያንጠባጥበው ሰባት ቁጥር በደህናው እጄ ነው የተሠራው። የዚያን ቀን ቸኩዬ በወረቀቱ ሳልፈትነው ነው የወጣሁት፤ የሹፌሩ እህት ምሳ ጠርታን። አንቺ ያጠፋሽው አንድ ነገር ነው፤ ስትነግሪኝ ይሄንን ዘለልሽው። ለሰው ሁሉንም ንገሪ፤ እኔ ሸክሙን እችለዋለሁ።»

በስድስተኛው ቀን ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ አወረድኩ። ዶክተሩ ከጀርባዬ፣ አክስቴ በር ላይ ቆመዋል። መጀመሪያ የግራዎቹን፣ በታሸገው እጅ የተሠሩትን አነሳሁ። ማይክሮስኮፕ አላስፈለገም። የመጀመሪያው ጠርሙስ ግርጌ በነፍሳት ጠቁሮ ነበር። ሁለተኛውም። አሥራ ሁለተኛውም። የቀኞቹን አነሳሁ፤ አልኮሉ እንደ ውሃ ጥርት ብሎ በአንዱ ሁለት፣ በአንዱ አንድ፣ በብዙዎቹ ምንም። ባዶው ወደ ቀኝ ተሻግሯል።

ዶክተሩ ማስታወሻቸውን አወጡና ያንን ቀድሞ የጻፉትን ዓረፍተ ነገር በአክስቴ ፊት በእስክሪብቶ ሰረዙት። ቀጥሎ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እንደዚህ ያለ ዕቃ በሥራ ዘመኔ አልነበረኝም» አሏት።

«ይቅርታውን ተቀብያለሁ» አለች። «ግን ባይጠራጠሩ ኖሮ እኔም ባሕር አላይም፣ ሰባት ቁጥርም እንዳንጠባጠበ ይቀር ነበር። ዕቃን የማይጠራጠር ሰው ዕቃ አይገባውም።»

ኮሚቴው ሲመጣ ዶክተሩ እንድትቆይ ለመኗት። ከኮሚቴው አንዱ፣ ሙሉ ልብስ የለበሱ ሰው፣ ሾጣጣዎቹን በጣታቸው ጫፍ ነክተው፣ «ይሄ በፋብሪካ አልተሠራም፤ በዚህ ላይ ተመሥርተን እንዴት ውሳኔ እንወስናለን?» አሉ። ዶክተሩ እሳቸው እንደሚመልሱ ሁሉም ሲጠብቅ ወደ አክስቴ ዞሩ። እሷም ሳትቸኩል፣ አፈሩ እንዴት እንደተቀያየረ፣ ባዶው ከየት ወደ የት እንደተሻገረ፣ ሰባት ቁጥርን ሳትደብቅ አስረዳቻቸው። ስትጨርስ ሰውዬው በማስታወሻቸው ላይ ጻፉ። ስለ በጎቹ ምን እንደምታስብም ጠየቋት።

«በጎቹ ምን አጠፉ?» አለች። «የተራበ ይበላል፣ እግር ያለው ይረግጣል። ያጠፋው ጥሏቸው የሄደው ሰው ነው። ሰው ያጠፋውን ሰው ያስተካክለው፤ ውሰዷቸውና የሚሸልታቸው ጌታ ስጧቸው።»

እንደዚያው ተደረገ። ሥራው ሁለት በጋ ፈጀ። በጎቹ በመረብ እየታጠሩ፣ በጀልባ እየተጫኑ ወደ ዋናው ምድር ተሻግረው ለገበሬዎች ታደሉ። የመጀመሪያው ጭነት ወደቡ ሲደርስ አክስቴና ባሏ ሊያዩ ሄደው ነበር። ዶክተሩ ባሳተሙት ጥናት ላይ፣ መሣሪያዎቹ በተገለጹበት ክፍል፣ ሙሉ ስሟ ከነሙያዋ ተጽፏል። እሷ ያንን ገጽ አልሰቀለችውም፤ ሹፌሩ ነው በመስታወት አስገብቶ አውቶቡሱ ውስጥ ከመሪው በላይ የሰቀለው። ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ተሳፋሪ ያነብለታል። ከውጭ የታዘዙት ሾጣጣዎችም በአሥራ አራተኛው ወራቸው ከጉምሩክ ወጡ። ዶክተሩ ሳጥኑን ከፍተው አዩዋቸውና ለትምህርት ቤት ሰጧቸው። አክስቴ በዚያው ዓመት ለሌሎች ደሴቶች ስልሳ ሠራች።

በጎቹ ከሄዱ በሦስተኛው ዓመት ወደ ደሴቷ ተመልሼ፣ አጥር ኖሮት ከማያውቀው ከዚያ ደረቅ ኮረብታ አፈር ወሰድኩ። ቀለበቱ አልተጣመመም። በስድስተኛው ቀን ጠርሙሱን አውርጄ ቆጠርኩና ለአክስቴ ደወልኩላት።

«አንድ መቶ አርባ ሦስት» አልኳት። «ከዚያው ምንም ካልነበረበት ቦታ።»

በስልኩ ውስጥ የመዶሻ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ቆመ።

«እንደገና ቁጠሪና ደውዪልኝ» አለች። «ሱቁ ሙሉ ሰው አለ። ለነሱ ከመንገሬ በፊት እርግጠኛ ልሁን።»

እንደገና ቆጠርኩ። አንድ መቶ አርባ አምስት ነበሩ፤ ሁለቱ ቅጠል ሥር ተደብቀውብኝ ነበር። ደውዬ ነገርኳት። ስልኩን ከጆሮዋ ሳታርቅ ሱቋ ውስጥ ላሉት ሰዎች ስትናገር ሰማኋት፤ «የወንድሜ ልጅ ናት። አንድ መቶ አርባ አምስት ሆነዋል ትላለች።» አንድ ሰው «ምኖቹ?» ብሎ ጠየቃት። እሷም ወንበር ስትስብለት ተሰማኝ፤ «ተቀመጥ፣ ከመጀመሪያው ልንገርህ» አለችው።